ለአርማታ የተተከለ ድንኳን

«ዊልቸሩ የሚያልፍበት መንገድ ከሌለ ሰውዬው ወደ ቤት አይመለሱም። አልጋው ደግሞ ለአርብ ይፈለጋል።»

ይህ ለፅጌረዳ የተነገረ አልነበረም። ሁለት የሆስፒታል ሠራተኞች ከመጋረጃው ማዶ ቆመው፣ ስለ አሮጌ ቁም ሣጥን የሚያወሩ ይመስል፣ ስለ አባቷ ሲያወሩ ሰማቻቸው እንጂ። እሷ ከመጋረጃው ወዲህ የአቶ ዘርይሁንን እግር በቅባት ታሽ ነበር። እጇ ቀጥ አለ። አባቷ እንግሊዝኛው አልገባቸውምና «ምነው ተውሽው? ግራውን አልነካሽውም እኮ» አሏት። ግራውንም አሸች። ሰማንያ አራት ዓመት የኖረ ሰው፣ ዳሌው ተሰብሮ ዘጠኝ ሳምንት የተኛ ሰው፣ ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት የጎደለው ምሕረትም መድኃኒትም አይደለም፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ደልዳላ መንገድ ነው! መንገዱ ከሌለ ናርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ፤ ያውም ከቶሮንቶ ሁለት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት፣ አማርኛ የሚናገር ቀርቶ ምግብ ላይ ጨው በወጉ የሚጨምር የሌለበት። ታናሽ ወንድሟ ኖላዊ ግን «ቦታው ጥሩ ነው፣ እንቀበለው» ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እህትና ወንድም ቃል አልተለዋወጡም።

ኢቶቢኮ ያለው ቤታቸው በሩ ከእግረኛው መንገድ አሥራ አንድ ሜትር ይርቃል። እዚያ ላይ የተነጠፈውን ድንጋይ ውርጩ በየዊንተሩ ከሥር እያነሳ ሲጥለው ኖሮ፣ እንኳን ዊልቸር ጤነኛ ሰውም እያየ ካልረገጠ የሚጥል ሆኗል። ቶሚ የሚባል፣ ዕድሜውን ሙሉ አርማታ ሲያፈስ የኖረ ፖርቱጋላዊ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ድንጋዩን መልሼ ብደረድርልሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ትጠሪኛለሽ። ከሥሩ ጠጠር ጠቅጥቄ፣ ብረት ዘርግቼ አርማታ ካፈሰስኩልሽ ግን የልጅ ልጆችሽ ይሄዱበታል» አላት። ፅጌረዳ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልጅም የላት። ቢሆንም በአራት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር ተስማማች፤ ኤርፖርቱ አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ እያሸገች ካጠራቀመችው ላይ። ቶሚ ሁለት ጊዜ ቀጠረ፤ ሁለት ጊዜ ዘነበ። ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ዋለ። ያው ሐሙስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ በአራት ሰዓት ማያ፣ ያቺ ከመጋረጃው ማዶ የነበረችው ሴት፣ መንገዱን ለመለካት ሜትሯን ይዛ የምትመጣበት ቀን ነው። ሰዓቱ እንግዲህ በዚያ አገር አቆጣጠር ነው፤ ግራ እንዳትጋቡ።

ሐሙስ ጠዋት በሰባት ሰዓት የአርማታው ሚክሰር እያጉረመረመ መጣ። ሠራተኞቹ ቀድሞ ድንጋዩ ተነስቶ በሳንቃ በታጠረው መንገድ ላይ ግራጫውን ጭቃ አፈሰሱት፤ ቶሚ ተንበርክኮ በረጅም ጣውላ አስተካከለው፤ ውሃው ሲመጠጥለት ደግሞ በበረዶ ጊዜ እግር እንዳያንሸራትት በመጥረጊያ ስስ ስስ መስመር አወጣበት። ፅጌረዳ በፒጃማዋ ላይ ጃኬት ደርባ ደረጃው ላይ ቆማ ታይ ነበር። በዚህ አገር እንዲህ ያማረ ነገር በስሟ ተሠርቶ አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ቶሚ ላዩን በፕላስቲክ ሸፈነ፣ ዙሪያውን በቢጫ ሪባን አጠረና ሰማዩን አየ። «እስከ ነገ ጠዋት ድመት እንኳ እንዳይረግጠው። ከሰዓት ዝናብ አለ። ፕላስቲኩ ላይ ውሃ ካቆረ ፊቱ ይጎደጉዳል። እንግዲህ ጸልዪ» አላትና ሚሲሳጋ ሌላ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ።

መጸለዩን ጸለየች፤ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የሚያስፈልገው ጣሪያ ነው። ሱቅ የሚሸጡት የጓሮ ድንኳን የመንገዱን ሩብ አይሸፍንም። አሥራ አንድ ሜትር ሙሉ የሚያለብስ ድንኳን በቶሮንቶ ያለው ማን ነው? እድሩ ነዋ! የእድሩ ነጭ ድንኳን፣ አቤ የተባለው የእድሩ ንብረት ጠባቂ ጋራዥ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፅጌረዳ ደንቡን አሳምራ ታውቃለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት በአባልነት የከፈለች ሴት ናት። ድንኳኑ ለሐዘን ካልሆነ አይወጣም። ለስሚንቶ ነው ብላ ብትጠይቅ ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ዝናቡ ደግሞ ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም። ስለዚህ አቤን ኮል አደረገችና «አቤ፣ ድንኳኑ አስፈልጎኝ ነበር። ዛሬ፤ አሁን» አለችው። ይኸው ነው። አልዋሸችም። ድንኳን የጠየቀን ሰው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «አይዞሽ እህቴ፣ መጣሁ» አላት። እሷም ስለ አባቷ ሕመም ያዘነላት መስሏት «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

አቤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ድንኳኑን በሚነዳው ቫን ታክሲ ጭኖ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ደረሰ። ሣሩ ላይ ሊተክል ሲል «አይ፣ እዚህ ላይ፤ ከበሩ እስከ መንገዱ፣ ፕላስቲኩን እንዲያለብስ» አለችው። የማያምር አተካከል ነበር፤ ግን ከሐዘንተኛ ጋር ክርክር አይገባም። «አደራህን አቤ፣ ይሄን ፕላስቲክ ማንም እንዳይረግጠው። አባባ የሚገቡበት ነው» ስትለው የአቤ ዓይን ውሃ ሞላ። ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነክቷታል ብሎ ደመደመ። «እሺ፣ እሺ፤ አንቺ ብቻ ተረጋጊ» አላት። ስልሳ ተጣጣፊ የብረት ወንበርና የተጠቀለለ ምንጣፍ ሣሩ ላይ ቆለለ። «ወንበሩ እንኳን አላስፈለገኝም ነበር» አለችው። «ያስፈልግሻል» አለ አቤ፤ ታክሲው ውስጥ ገብቶም፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ የእድሩ ቴሌግራም ላይ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ድንኳኑ እነ ፅጌረዳ ጋ ወጥቷል። ኢቶቢኮ።» ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ፅጌረዳ ደግሞ የዚያን ግሩፕ ድምፅ ካጠፋችው ዓመት አልፏታል።

እሷ ልቧ ሞልቶ በሩን ቆለፈችና በባስ ወደ ሆስፒታል ሄደች። አባቷን ምሳ አበላች፣ ጢማቸውን ላጨች። አቶ ዘርይሁን በአገር ቤት አውራ ጎዳና ሠላሳ አንድ ዓመት በፎርማንነት የሠሩ ሰው ናቸውና፣ አርማታው ፈሰሰ ስትላቸው ከትራሳቸው ቀና ብለው ይመረምሯት ጀመር። ጠጠሩ ስንት ጊዜ ተጠቀጠቀ? ብረቱ መሬት ነክቷል ወይስ ከፍ ብሏል? ተዳፋቱስ ወዴት ነው? የምታውቀውን መለሰች፣ የማታውቀውን ፈጠረች። «እንግዲያውስ ደህና» አሉና ወደ ፑዲንጋቸው ተመለሱ። ከአንድ ጉርሻ በኋላ ደግሞ፣ ፊቷን ሳያዩ፣ «ኖላዊ አልደወለም?» አሉ። «ሥራ በዝቶበት ነው አባባ» አለች። ሁለቱም ወደ መስኮቱ አዩ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ፅጌረዳም በሆዷ «እንደፈለገ ይዝነብ» አለች።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሯ ከባስ ስትወርድ መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ታጥሯል፤ ግማሾቹ ታክሲዎች ናቸው። የሆነ ቤት ግብዣ አለ ብላ አሰበች። ጥግ ስትዞር ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች አየች። ቀጥሎ ድምፅ ሰማች። የወይዘሮ ቦጋለችን ድምፅ የማያውቅ የቶሮንቶ ሐበሻ የለም፤ እሳቸው ያላለቀሱበት ለቅሶ እንዳልተለቀሰ ነው የሚቆጠረው። «ዘርይሁን! አንተ መንገድ ሠሪው! ለሰው መንገድ ከፍተህ ለራስህ መመለሻ ያጣህ!» ይላሉ።

ድንኳኑን ያስተከለችው ራሷ መሆኗ፣ አርማታው፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ከፅጌረዳ ጭንቅላት ጠፋ። ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ ባስ ላይ እያለሁ አባባ ሞቱ። ሆስፒታሉ ለኖላዊ ደወለ፣ ኖላዊ ለእድሩ ነገረ፣ እድሩ ሊያረዳኝ መጣ። ለእሷማ ማን በስልክ ይነግራታል? መርዶ በስልክ አይነገርም። ቦርሳዋን ጥላ «አባባዬ!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷን ሰምቶ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርግጥ ነው ወይ?» የሚል ጥርጣሬ የነበረበት ሰው ቢኖር እንኳ ጥርጣሬው እዚያ ላይ አለቀ። ደግፈው አስገቧት፣ ፊት ለፊት አስቀመጧት፣ እሷ ስታለቅስ እነሱ ባሱ፣ እነሱ ሲብሱ እሷ ፊቷን ልትነጭ ደረሰች። እንዲህ ሆነው ሩብ ሰዓት ያህል ተላቀሱ። መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ቦጋለች በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን እየጠረጉ፣

«አይዞሽ ልጄ። ሲያርፉስ አጠገባቸው ነበርሽ?» አሏት።

«አልነበርኩም፤ ምነው በሆንኩ! ፑዲንግ እየበሉ፣ ደህና ሆነው ነው ትቻቸው የወጣሁት። ለእናንተ ማን ነገራችሁ?»

«እኛማ ማን ይነግረናል? ድንኳኑ መውጣቱን ሰምተን ነው የመጣነው።»

«ድንኳኑንማ እኔ ነኝ ያስተከልኩት።»

«እኮ! አንቺ ስታስተክይ ነው የሰማነው።»

«እትዬ ቦጋለች፣ እኔ ያስተከልኩት ለስሚንቶው ነው!»

የዝናቡ ኳኳታ ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ እግሩ አየ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ብርሃኑ፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ «እኔ ደግሞ መሬቱ ምን እንዲህ አለሰለሰው እያልኩ ነበር፤ ለጉልበቴ ተስማምቶኝ» አሉና ሊነሱ ሞከሩ። ሲነሱ ተነሱ፤ ወንበሩ ግን አልተነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ታክሲ ነጂዎች ናቸው። በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት ቤተሰቡ አስከሬን ሊቀበል ሄዷል አሉ። ቢጫውን ሪባን ሲያዩ ፖሊስ መጥቶ ነበር ማለት ነው፣ ሰውዬው ቤት ውስጥ ነው ያረፉት አሉ፤ ሪባኑን በአክብሮት ጠቅልለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ፕላስቲኩን ጭቃ እንዳይነካ የተነጠፈ ነው ብለው በላዩ የእድሩን ምንጣፍ ዘረጉበት፣ በምንጣፉ ላይ ወንበር ደረደሩ፣ በወንበሩ ላይ ሕዝብ ተቀመጠ። የብረት ወንበሩ እግር በሰው ክብደት ምንጣፉንም ፕላስቲኩንም በስቶ አራት ጣት ወደ ውስጥ ሰጥሟል፤ ሁለት ሰዓት ሲለቀስበት ደግሞ አርማታው ጠንክሮ ይዞታል። ሠላሳ አራት ወንበር፣ በአራት እግሩ።

ፅጌረዳ ግን ለጊዜው አርማታውን የምታይበት ዓይን አልነበራትም። ይህን ያህል ሰው ሬሳ ሳይኖር ያለቅሳል ብሎ ማን ያምናል? ለአባቷ ቪዲዮ ኮል አደረገች። ጠራ፤ ጠራ፤ ጠራ። ኋላ ላይ የአቶ ዘርይሁን አፍንጫ ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ አለ።

«ምነው፣ ምን ረሳሽ?»

ፅጌረዳ ከመናገር ይልቅ እንደ አዲስ ማልቀስ ያዘች። ደስታ ነው፤ ግን እሳቸው በምን ያውቃሉ። «ማን ሞተ?» አሉ። «ማንም» አለች። «ታዲያ ከኋላሽ ቦጋለች ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው ሁሉ እያፈረ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ አንዳንዱ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ፤ ሌላ ምን ይባላል? አቶ ዘርይሁን በስክሪኑ የሚያልፈውን ፊት እያንዳንዱን አስተዋሉት። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል መጥቶ የጠየቃቸው ሰው ሦስት ነው፤ ከእነሱም አንዱ የተሳሳተ ክፍል ገብቶ ነው። «ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?» አሉ በቀስታ። «እኔ እኮ ሰው ያለኝ አይመስለኝም ነበር» አሉ። ወይዘሮ ቦጋለች «ልንመጣ ነበር ጋሽ ዘርይሁን፣ ዛሬ ነገ ስንል ነው፤ ሥራው፣ ፓርኪንጉ…» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። ይሄኛው እንባ የልባቸው ነበር።

አቶ ዘርይሁን ግን ዓይናቸው ወደ ታች ወርዶ ሌላ ነገር አይቷል። ድምፃቸው ከአልጋ የወጣ አልመስል አለ። «እኔስ ልሙት፣ ግድ የለም! ገና ያልጠነከረ አርማታ ላይ ወንበር የተከለው ማን ነው? አርማታ ሃያ ስምንት ቀን ይፈልጋል፤ ሃያ ስምንት! እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም?» አቶ ብርሃኑ እንደ ተማሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ተግሣጹን ተቀበሉ።

ይሄን ጊዜ ነው የእድሩን ቴሌግራም አይቶ ከስካርቦሮ የተነሳው ኖላዊ በጥቁር ሙሉ ልብስ፣ በዝናብ በስብሶ፣ «አባባ! ሳላይዎት! ሳላይዎት!» እያለ የገባው። ሊይዙት የሞከሩትን ሰዎች ገፍቶ መሃል ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። ከስልኩ ውስጥ ድምፅ መጣ። «አሁን እየኝ እንግዲህ» አሉት አቶ ዘርይሁን። ኖላዊ ቀና ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ብብቱ ሥር የያዘው ወረቀት ተበተነ። የአባቱ ባለ ቀለም ፎቶ አለበት፤ «የአቶ ዘርይሁን አጭር የሕይወት ታሪክ» ይላል። ሃምሳ ኮፒ ይሆናል፤ ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ። ፅጌረዳ አንዱን አነሳች። የልደት ዘመን፣ የሥራ ዘመን፣ ሁሉም በወጉ ተጽፏል፤ መጨረሻ ላይ ለቀኑና ለወሩ ባዶ ቦታ ተትቷል። ይህ በአንድ ሰዓት የተሠራ አይደለም።

«መቼ ነው ያሳተምከው?» አለችው።

«ኦገስት ላይ፣ ሆስፒታል የገቡ ሰሞን» አለ ኖላዊ፣ ወረቀቱን እየለቀመ። «ነገሩ ሲመጣ እንዳንዋከብ ብዬ ነው፣ ፅጌ።»

መሳደብ አማራት፤ የሚመጥን ስድብ ግን አላገኘችም። አባቷ በስልኩ «ምንድን ነው የያዘው?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ ማንም አልነገራቸውም። ነርሷ መድኃኒት ይዛ መጣችና ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጭንቅ ብቻ ነው። ፅጌረዳ ነገሩን ዘርዝራ ነገረቻቸው፤ መንገዱ ዛሬ በአራት ሰዓት ካልተለካ አባቷ ወደዚያ ሩቅ ቦታ እንደሚጋዙ፣ ያንን የሚያህል ሕዝብ የተቀመጠው በመግቢያቸው ላይ መሆኑን። ሰው ደነገጠና ሁሉም በአንዴ ጠጋኝ ሆነ። አንዱ ወንበር ሲነቅል አብሮ ጉማጅ አርማታ ተነሳ፤ ሌላው ቀዳዳውን በማንኪያ ሊደፍን ሞከረ፤ አንዲት ሴት ለለቅሶው ካመጣችው ሩዝ ሥር ትሪውን አውጥታ ልታስተካክልበት ተንበረከከች። ፅጌረዳ ለቶሚ ፎቶ ልካ ደወለችለት። «ሰዎቹን አስቁሚልኝ» አለ ቶሚ። «ይሄ አይጠገንም፣ ይፈረሳል። እንደገና ለማፍሰስ ያለኝ ቀን ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ግን ንገሪኝ፣ ምን ሲያደርጉ ነው?» ምን ብላ ታስረዳው? «ሲያለቅሱ» አለችና ዘጋችው።

ማያ አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መጣች። ከመኪናዋ ስትወርድ ሜትሯ በእጇ ነበር። ነጩን ድንኳን፣ ጥቁር የለበሰውን ሕዝብ፣ ያበጠውን ዓይን ሁሉ አየችና ሜትሩን ኪሷ ከተተችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» አለች። «ማንን አጣችሁ?»

ፅጌረዳ «ማንንም» ልትል አፏን ከፈተች። «ማንንም» ካለች ሜትሩ ከኪስ ይወጣል፤ ምንጣፉ ይገለጣል፤ ነገ አርብ ነው። ማያ ዝምታዋን ሐዘን አድርጋ ወሰደችው። «የታካሚው የቅርብ ቤተሰብ ከሆነ ፎርሙ ላይ አሥራ አራት ቀን እሰጣለሁ» አለች። «ዛሬ ምንም አልለካም። የሟቹ ስምና ዝምድናው ብቻ ይበቃኛል።»

አሥራ አራት ቀን! የፅጌረዳ ዓይን ድንኳኑን ዞረው። አቶ ብርሃኑን አለፈ፣ ወይዘሮ ቦጋለችን አለፈ፣ ጥግ ላይ ሃምሳውን የሕይወት ታሪክ ደረቱ ላይ አቅፎ የቆመው ወንድሟ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ኖላዊ ዘርይሁን ይባላል። የአባቴ ልጅ።»

እንግሊዝኛ የሚሰማው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አቶ ብርሃኑ አማተቡ። «ሟርት ነው እኮ!» ያለ ሰው ነበር፤ በክርን ዝም አሰኙት። ወይዘሮ ቦጋለች «ምን አለች? ምን አለች?» ብለው ጎረቤታቸውን ጎተቱ፤ በጆሯቸው ተነገራቸው። በቁሙ ያለውን ኖላዊን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ልማድ ይሁን ብልሃት እግዜር ይወቀው፣ ደረታቸውን መቱና «ወይኔ ኖላዊ! የአባቱ ወንድ! ሳይጠግብ የሄደው!» ብለው ለቀቁት። ሰዉም ያላለቀ ለቅሶ ነበረውና ተከተላቸው።

ማያ ለቅሶው ጋብ እስኪል ጠብቃ ታብሌቷ ላይ ጻፈች። «ፋይሉ ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ የተመዘገቡት» አለች። «ናርሲንግ ሆሙን የተቀበለው ወንድምዎ ነበር። እንግዲህ ከአሁን በኋላ ውሳኔው የእርስዎ ብቻ ነው ማለት ነው። በጣም አዝናለሁ።» ዞር ስትል ዓይኗ የገባው፣ ከሁሉ ይልቅ የገረጣው ሰውዬ ኖላዊ ነበር። እጇን ዘረጋችለት። «እርስዎስ? ቤተሰብ ነዎት?»

አንድ ቃል ይበቃዋል። «ኖላዊ እኔ ነኝ» ካለ ነፍሱንም መብቱንም ያስመልሳል፤ ፅጌረዳ ደግሞ ወንድሟን በቁሙ የቀበረች እህት ሆና በሰው ፊት ትቀራለች፤ አባባ ነገ ይጫናሉ። ኖላዊ የተዘረጋለትን እጅ አየ። እህቱን አየ። ምንጣፉ ላይ እንደ ችካል የቆሙትን ወንበሮች አየ።

«አይደለሁም» አለ። «ጎረቤት ነኝ።»

«በደንብ ያውቁት ነበር?»

የኖላዊ ዓይን ሞልቶ ነበር።

«ብዙም አላውቀውም» አለ።

ማያ እጁን ጨብጣ፣ ለሕዝቡ ጎንበስ ብላ ሄደች። መኪናዋ ጥጉን እስክትዞር ወይዘሮ ቦጋለች ለቅሶውን አላቋረጡም። ከዚያ ሁሉም ወደ ኖላዊ ዞሮ አየ። እሱ ወረቀቶቹን በደጁ ያለው የቆሻሻ በርሚል ውስጥ ከተተ፣ ኮቱን አውልቆ ሣሩ ላይ ጣለ፣ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ሄዶ የአንዱን ወንበር ጀርባ በሁለት እጁ ያዘና ይነቀንቅ ጀመር። አልነቀልም አለው። ፊቱ ቀላ፣ ሸሚዙ ተቀደደ፤ እሱ ግን አልለቀቀም። ፅጌረዳ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ኋላ ሄደችና በሌላ በኩል ያዘችለት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ሲስቡ ወንበሩ ከነጉማጁ ወጥቶ ሁለቱንም ጭቃው ላይ በቂጣቸው አስቀመጣቸው።

«ለሞተ ሰው ደህና ጉልበት አለህ» አለችው።